የጅራቱ ስፌት

ምላሴ ክፉ ነው። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ምላሱ አያርፍም፤ የእኔ ግን ለድሬዎችም ይበዛ ነበር። ባሌን በምላሴ አባረርኩት። እናቴ በምላሴ ተቀይማኝ ሞተች። ከወንድሜ ሚስት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር በቀን ሁለቴ እንጣላ ነበር፤ ጠዋት በውኃ፣ ማታ በመብራት። ዝም አይነቅዝም ይሉኛል የሚመክሩኝ ሁሉ። እኔ አንድ ጊዜ፣ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዝም አልኩ። የምጽፈው ስለዚያ ነው።

ዘመኑ የንጉሡ ነው። ፈረንጆቹ በትልቁ ጦርነት ተዋግተውባቸው ከጨረሱ በኋላ ወደ እኛ የመጡ አሮጌ የጦር አውሮፕላኖች ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ ነበሩ። ባለ ሁለት መቀመጫ ናቸው፤ አብራሪው ከፊት፣ ሌላ ሰው ከኋላ። እኔ ስቀጠር የሠራቸው ፋብሪካ እንኳ መለዋወጫቸውን ማምረት አቁሞ ነበር። ስለዚህ ሦስቱ እንዲበሩ ሁለቱ መሞት ነበረባቸው። የሞቱትን ሁለቱን ከአውሮፕላን ማደሪያው ሀንጋር ጀርባ አቁመን «ሬሳ» እንላቸው ነበር። ቧንቧ ሲፈነዳ ወይም ብሎን ሲበላ አለቃው «ከሬሳው አምጡ» ይላል፤ አንዱ መፍቻውን ይዞ ወደ ጓሮ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰሞን ቃሉ ይቀፈኝ ነበር፤ ኋላ ለመድኩት።

ገላቸው ብረት ነው። ጅራታቸው ላይ ግን አፍንጫቸውን ከፍና ዝቅ፣ ግራና ቀኝ የሚያዞሩላቸው ክፍሎች እንዲቀሉ ተብሎ አጥንታቸው ብረት፣ ቆዳቸው ጨርቅ ነበር። ያ ጨርቅ በድሬ ፀሐይ ሁለት ዓመት አይሞላውም፤ እንደ አሮጌ መጋረጃ በጣት ይቀደዳል። አሮጌውን መግፈፍ፣ አዲሱን ማልበስ፣ በሰም በታሸ ወፍራም ክር ከየአጥንቱ ጋር መስፋት፣ ስፌቱን በጨርቅ ጥብጣብ መሸፈን፣ በመጨረሻም ቫርኒሹን መቀባት የሴት ሥራ ነው ተባለና ሁለት ሴቶች ተቀጠርን። ቫርኒሹ የበሰበሰ ሙዝ ይሸታል፤ ሲደርቅ ጨርቁን እንደ ከበሮ ይወጥረዋል። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ሳይዳረስ ስለሚደርቅ ሥራችን ከንጋት ነበር። ነፋሱ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ሲያነሳብን ደግሞ ሁሉንም ትተን ወለሉ ላይ ውኃ እንረጫለን።

አለቃችን ከባቡሩ ወርክሾፕ የመጣ ሰው ነው። ሲቆጥር በፈረንሳይኛ፣ ሲሳደብ በኦሮምኛ፣ ሲጸልይ በአማርኛ። ሥራ የሚችል፣ ሰው የማይችል ሰው ነበር። አንድ ሕግ ነበረው፤ ሞተር የፈታ፣ ሽቦ የቀጠለ፣ ጎማ የቀየረ ሁሉ ለሙከራ በረራው ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። «እጅህን ያሳረፍክበት ላይ ቂጥህን አሳርፍ» ይላል። አንድ ትልቅ ሰው፣ የስድስት ልጆች አባት፣ ሱሪውን አርጥቦ ከዚያ ወንበር ሲወርድ ሀንጋሩ በሳቅ ፈረሰ። ቅጽል ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሰውየው ከሥራ እስኪለቅ ድረስ በዚያ ስም ተጠራ። እኛን ሴቶቹን ግን አለቃው አስገድዶን አያውቅም ነበር።

አብራኝ የተቀጠረችው ሴት በዐሥር ዓመት ትበልጠኛለች። የሐረር ልጅ ናት፤ እዚሁ ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ የሙሽራ ቀሚስ ስትሰፋ ኖራለች። ቆንጆ ስለነበረች ሙሽሮቹ ቤት ቀሚሱን ይዛ ስትገባ «እባክሽ ከሙሽራዋ ራቅ ብለሽ ቁሚ» ይሏት ነበር አሉ፤ ይህን ራሷ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ኮንትሮባንዱ የተሰፋ ቀሚስ ከጅቡቲ ሲያግዝ ገበያዋ ሞተ፤ ባሏም ደረቱን ታሞ ተኛ። መርፌ ከመያዝ ሌላ አታውቅም። እንግዲህ ከሙሽራ ወደ አውሮፕላን ተዛወረች።

ሁለታችንም ጊዜያዊ ነበርን። አለቃው ለአንዲት ሴት ቋሚ ቅጥር እንደተፈቀደ ነገረን፤ አንዳችን ትቀራለች፣ አንዳችን ትሰናበታለች። ያ ቦታ ለእኔ ከወንድሜ ሚስት ቤት መውጫ በር ነበር። የራሴ ክፍል፣ የራሴ ቁልፍ፣ ማንም ያልቆጠረብኝ ዳቦ። ለእሷ ምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ቤቷ ውስጥ የሚሠራ ሰው እሷ ብቻ ናት። እኔ ግን ስለዚያ ማሰብ አልፈለግሁም፤ አላሰብኩምም።

ሥራውን አስተምሮን የሄደው ፈረንጅ አንድ ልማድ ትቶልን ነበር። አንዷ ሰፍታ ስትጨርስ ሌላዋ ዓይኗን ጨፍና ጣቷን በየአጥንቱ ላይ ታስኬዳለች። በየሁለት ጣቱ ሽንብራ የምታህል ቋጠሮ አለች። ክሩን የምትይዘው እሷ ናት፤ አንዱ ስፌት ቢበጠስ ቀጣዩ እንዳይሄድ ታንቃ ታስቀረዋለች። ቋጠሮ ከላላ ወይም ከጠፋ ፈታሿ «ፍቺው» ትላለች፤ መስመሩ በሙሉ ይፈታል። ደህና ከሆነ አንዲት ቃል አትናገርም፤ ጥብጣቡን አንስታ ትለጥፋለች። ጎበዝ ማለት የለም፣ ምርቃት የለም። ዝም ካልሽ ደህና ነው ማለት ነው።

እኔ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም ያልጎደለውን ስፌቷን «ፍቺው» እላት ነበር። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ አቀርቅራ ስትፈታ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ጊዜ አንድን መስመር ሦስት ጊዜ አስፈትቻታለሁ፤ ሦስተኛው ላይ እንባዋ ጨርቁ ላይ ወረደ፣ እኔም ጨርቁን እንዳታረጥቢው አልኳት። እሷ ግን የእኔን ስትፈትሽ በሐቅ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሁለቴ ብቻ «ፍቺው» ብላኛለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ልክ ነበረች።

አንድ ሰሞን ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ መጥቶ በረራ ሊያይ ነው ተባለ። አለቃው ከሦስቱ የተሻለውን አውሮፕላን መርጦ «ይኼኛው ሙሽራ መስሎ ይውጣ» አለ። የጅራቱን ጨርቅ በሙሉ እንድንቀይር አዘዘን። ለእኔ የቆመውን ክፍል ሰጠኝ፤ ለእሷ አግድም የተዘረጉትን ሁለቱን፣ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉትን። አንድ ሳምንት ሰፋን። በዚያ ሳምንት እሷ ስትሰፋ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ትንሽ ፈገግ ትላለች።

የመፈተሻው ቀን ጠዋት ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን አስኬድኩ። አንደኛው አጥንት ደህና ነው። ሁለተኛው ደህና ነው። ሦስተኛው ላይ ጣቴ ቆመ። ክሩ አለ፣ ስፌቱ አለ፤ ቋጠሮው የለም። በሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ላይ እንደሚደረገው ክሩን ወደ ውስጥ ጎትታ ደብቃዋለች። ጨርቁ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል። ሽንብራ ሽንብራ የሚያህለው ቋጠሮ በእንግዳ ፊት እንዳያሳፍራት ብላ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ቋጠሮ መደበቅ ሙያ ነው ተብሎ ነው የተነገራት። ዓይኔን ገለጥ አድርጌ አየኋት። ልጇን አልብሳ ጎረቤት የምታሳይ እናት መስላ ቆማለች።

ወደ ውስጥ የተጎተተ ቋጠሮ እንደማይነክስ አውቃለሁ። ፈረንጁ በእጁ እየጎተተ አሳይቶኝ ነበር፤ አንዱ ሲለቅ መስመሩ በሙሉ ይመዘዛል። እሱ ባሳየኝ ቀን እሷ ባሏን ሐኪም ቤት ወስዳ ስለነበር አላየችም። እኔ አይቻለሁ። «ፍቺው» የምትለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሳ ነበር።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን እንዳለ ልጻፈው። አሁን ብነግራት ፈትታ በሁለት ቀን ታስተካክለዋለች፤ ማንም አያውቅም። አለቃው ሲመጣ በሰው ሁሉ ፊት ብናገር ግን ነገሩ ያልቃል፤ እሷ ትባረራለች፣ ቦታው የእኔ ይሆናል። አንድ ሰዓት መታገሥ ብቻ ነው። ጣቴን ወደ አራተኛው አሻገርኩ፣ ወደ አምስተኛው፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ጥብጣቡን አንስቼ በገዛ እጄ ለጠፍኩት።

አለቃው መጣ። መዳፉን በጅራቱ ላይ አስኬደ፣ ተመልሶም አስኬደ። ሰዎቹን ጠራቸው። «ስፌት ማለት ይኼ ነው» አለ፤ ወደ እኔ ዞሮም «አንቺ ከምትለፈልፊ ከእሷ ተማሪ» አለኝ። ሳቁብኝ። ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ምቀኝነት ነው ይሉ ነበር፤ ምቀኝነትም ነበር። ንዴት ያዘኝና እሺ፣ ይቀባ፣ ራሱ ይናገር አልኩ በልቤ። ቫርኒሹን ቀባነው። ደረቀ፣ ተወጠረ፣ አለቃው በጣቱ መታ መታ ሲያደርገው እንደ ከበሮ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ያንን ቋጠሮ ከእሷና ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሷ ደግሞ ሙያ መስሏታል።

የሙከራው በረራ ቀን አለቃው ሁለታችንን ወደ ሜዳው አስጠራን። ሰዎቹ ሁሉ ተሰብስበዋል። ዛሬ ከሁለታችሁ አንዷ ከኋላ ትቀመጣለች፣ የተቀመጠችው ቋሚ ትሆናለች፣ የፈራችው ቤቷ ትሄዳለች አለ። አብራሪው ወጣት የመቶ አለቃ ነው፤ ጠዋት ሲገባ ለእኛም ቆቡን የሚያነሳልን እሱ ብቻ ነበር። ነገሩ አልጣመውም። ግን ሳቅ ብሎ ቀስ ብዬ ነው የምበረው፣ አይዟችሁ አለን።

ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። ደፋሯ፣ ምላሳሟ፣ ለማንም የማትመለሰው እኔ ነኝና ዘልዬ እወጣለሁ ብለው ይጠብቃሉ። እኔ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«ጅራቱን ያሳመረችው እሷ ናት» አልኩ፣ «እሷ ትቀመጥ።»

ሳቁብኝ። ሱሪውን ያረጠበው ሰውዬ ከሁሉ በላይ ሳቀ፤ ደስ ይበለው፣ ብድሩን መለሰ። እሷ ሻሿን ፈታች፣ አጠፈችው፣ ሰጠችኝ። «ያዢልኝ አቦ፣ ስመለስ ትሰጪኛለሽ» አለች። የመቶ አለቃው እጇን ይዞ አወጣት። ቀሚሷን ሰብስባ ስትቀመጥ ማሰሪያዎቹን በደረቷ ላይ አጠበቀላት።

ጊዜ ነበረኝ። ሰዎች ኋላ ላይ ጊዜ አልነበረኝም ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ነበረኝ። ፕሮፔለሩን እስኪያዞሩት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ፣ ጎማው ሥር የገባውን ሽብልቅ እስኪያወጡ ድረስ ለአንዲት ቃል የምትበቃ ጊዜ ነበረች። ብናገር ግን ለምን እስካሁን ዝም አልሽ እባላለሁ። ከዚያም ሁለታችንም እንባረራለን፣ እኔም ወደ ወንድሜ ሚስት። የመቶ አለቃውስ ምን በደለኝ? ምንም። ቆቡን አነሳልኝ እንጂ ምን አደረገኝ? ይህንንም እዚያው ቆሜ አስቤዋለሁ። አስቤውም ዝም አልኩ።

ተነሡ። በደቻቱ ላይ ዞረው፣ በመጋላ በኩል አልፈው፣ ተራራዎቹ አጠገብ ደርሰው ተመለሱ። ደህና ነው የሚበረው። ሰዎቹ አጨበጨቡ። እኔ ሻሿን ይዣለሁ። ይውደቅ ብዬ አልጸለይኩም፤ አይውደቅ ብዬም አልጸለይኩም። እንዲያውም በመጀመሪያው ዙር በደህና ሲያልፍ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም፤ ቦታው አመለጠኝ ነው ያልኩት። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በሁለተኛው ዙር ለእንግዳው እንደሚደረገው አፍንጫውን ደፍቶ ወረደ። ያኔ ከጅራቱ ነጭ ነገር ተመዘዘ። መጀመሪያ እንደ መቀነት ቀጭን ነበር፤ ከዚያ ሰፋ፤ ከዚያ የአንዱ ጎን ጨርቅ በሙሉ ተገፍፎ ሄደ። አለቃው በፈረንሳይኛ አንድ ነገር አለ። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ማንሣት አቃተው፤ ትንሽ ያነሣና እንደገና ይደፋል። የመቶ አለቃው እንዴት አድርጎ ሜዳው ላይ እንዳደረሰው እስከ ዛሬ አላውቅም። አርፎ ሳይሆን ወድቆ ነው የነካው። ጎማው ተሰበረ፣ አሸዋው ውስጥ ገብቶ ዞረ፣ ቆመ።

እሳት አልተነሣም። የመቶ አለቃውን በቃሬዛ አወጡት፤ ወገቡ ነው። ከዚያ ወዲያ አልበረረም፣ በሁለት ከዘራ ነው የሚሄደው ሲሉ ሰማሁ። እሷ ፊቷ ከፊቷ ካለው ብረት ጋር ተጋጭቷል። አውርደው አሸዋው ላይ አስቀመጧት። አገጯ ቦታው ላይ አልነበረም። የላይኛው ጥርሷ አልነበረም። ያ የሙሽሮች ዘመዶች ራቅ በይ ይሉት የነበረ ፊት በአንዲት ጠዋት አለቀ።

አለቃው ወደ እሷ አልሄደም፤ ወደ ጅራቱ ነው የሄደው። ከተራቆቱት አጥንቶች ላይ ክሩን ሳበው። ሳይበጠስ፣ ሳይቋጠር፣ አንድ ወጥ ሆኖ ክንድ ሙሉ ወጣ። ተመልሶ ጭኗ ላይ ጣለላትና «ቀሚስ ሰፋሽልን» አላት። ደሟ እየፈሰሰ ነው። ከሰዎቹ መካከል አንድም ሰው ተው አላለውም፤ እኔም አላልኩም።

ቀጥሎ የፈራሁት መጣ። «ጣቱን ያስኬደ ማነው?» አለ።

ሁለት ሴቶች ብቻ ነን፤ ሌላ ማን ይሆናል። አፌን ከፈትኩ፤ ምን ልል እንደነበረ ግን እኔም አላውቅም። እሷ እጇን አነሳችና የራሷን ደረት መታ መታ አደረገች። እኔው ራሴ ነኝ፣ ማንንም አላስፈተሽኩም ማለቷ ነው። አለቃው አመናት፤ ማመን ስለቀለለው ይመስለኛል። ያኔውኑ ተሰናበተች። ሻሿን በመኪና ሊወስዷት ሲሉ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት።

ቦታውን እኔ አገኘሁ። ክፍል ተከራየሁ፤ ቁልፉን አንገቴ ላይ በክር አንጠልጥዬ ነበር የምተኛው። የእንግዳው በረራ በሌላኛው አውሮፕላን ሆነ። የእሷ አውሮፕላን ወደ ጓሮ ተጎትቶ ሦስተኛ ሬሳ ሆነ፤ ብዙ ዕቃ ሰጥቶናል።

ሁለት ወር ያህል ቆይቼ ቤቷ ሄድኩ። ልናዘዝ ነው የሄድኩት፤ እውነቴን ነው። መንገዱን ሁሉ የምላትን እየደጋገምኩ ሄድኩ። መጋላ ውስጥ፣ ከአንዲት ጠባብ ግቢ፣ ባሏ ከመጋረጃው ወዲያ እየሳለ፣ እሷ መደቡ ላይ ተቀምጣ አሮጌ ጆንያ ትጥፍ ነበር። አገጯ ጠምሞ ነው የገጠመው። ስትናገር ቃሏ ሁሉ በአፏ ጎን ይወጣል፤ ሁለቴ እያስደገምኩ ነበር የምሰማት። ሳየኝ ደነገጠች፣ ከዚያ ደስ አላት። ከሀንጋሩ የጠየቃት ሰው እኔ የመጀመሪያዋ ነበርኩ።

ለምን እንዲያ እንዳለች ጠየቅኳት፤ ለምን እኔን እንዳላወጣች። የሠራሁት ጥፋት የእኔ ነው፣ አንቺን ምን አደርግሻለሁ፣ ሁለት ሰው ከሚራብ አንድ ይራብ ብዬ ነው አለችኝ። ከዚያ ጆንያውን አስቀመጠች።

«ጣትሽ ሦስተኛው ላይ ሲቆም እኮ አይቼሻለሁ» አለች። «ልቤ ቀጥ አለ። አሁን ፍቺው ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ አለፍሽው። ይቺ ደህናውን የምታስፈታ ክፉ ዝም ካለች፣ በቃ ስፌቱ ደህና ነው አልኩ። ወላሂ፣ እሱ ላይ ስወጣ አንድ ቅንጣት አልፈራሁም።»

እኔ የመጣሁበትን ቃል ፈለግኩ። እሷ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ብታውቂ ትነግሪኝ ነበር፣ አይደል?» አለችኝ።

«እነግርሽ ነበር» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ የሆነ ነገር ከትከሻዋ የወረደላት መሰለች። ሁለት ወር ሙሉ ያስጨነቃት ይህ ኖሯል፤ አገጯ አይደለም፣ ሥራዋ አይደለም። እጄን በሁለት እጇ ያዘችና አላህ ያክብርሽ፣ እንጀራሽን ያቆይልሽ፣ ክፉ አይንካሽ እያለች በዚያ በተሰበረ አፏ ረጅም ምርቃት መረቀችኝ። አንዱንም ቃል ሳላስደግማት ሰማኋት። አሜን አልኳት። ጠዋት ሥራ ስለነበረኝ ቶሎ ወጣሁ።